ጤናማ በሚመስሉ ወጣቶች ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የልብ ሕመም

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1995 ሩሲያዊው የበረዶ ላይ ሸርታቴ ስፖርተኛ ሰርጌይ ግሪንኮቭ በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው የሌክ ፕላሲድ ከተማ ከባለቤቱና ከውድድር አጣማሪው ከኤካተሪና ጎርዴየቫ ጋር ለትርዒት በመለማመድ ላይ ሳለ በድንገት ወደቀ። ወደ ሆስፒታል ቢወሰድም ሕይወቱን ማትረፍ አልተቻለም። ግሪንኮቭ የ28 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በካልጋሪ እና በ1994 በሊልሃመር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒክ ውድድሮች በጥንድ ሸርታቴ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ ስፖርተኛ ነበር።

በአስከሬኑ ላይ የተደረገው ምርመራ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት የደም ቧንቧዎቹ እጅግ ጠብበው እንደነበር አረጋገጠ። ይህን የመሰለ መጥበብ በአብዛኛው የሚታየው በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ነው። የግሪንኮቭ አባትም ገና በ50ዎቹ የዕድሜ ክልል መጀመሪያ ላይ በልብ ሕመም ነበር የሞቱት። ሳይንቲስቶች ከጊዜ በኋላ ባደረጉት ምርመራ በስፖርተኛው ደም ውስጥ የደም መርጋትን ከሚያፋጥን ሁኔታ ጋር የተያያዘ የዘር ለውጥ አግኝተዋል።

ይህ አጋጣሚ አንድ መሠረታዊ ቁም ነገር ያስገነዝባል። የአንድ ሰው ወጣትነት፣ የሰውነቱ ቅጥነትም ሆነ የጡንቻው ጥንካሬ ስለ ልቡ የደም ቧንቧዎች ጤንነት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

የሕመሙ ምንነት

በሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ ‹‹ሃርት አታክ›› በመባል የሚታወቀው ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚከሰተው ‹‹ኮሮናሪ›› ተብለው ከሚጠሩት የልብ የደም ቧንቧዎች አንዱ በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ ኦክስጅን ስለማያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል፤ ቧንቧው በጊዜ ካልተከፈተም በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። የሞተው ጡንቻ በጠባሳ ስለሚተካ የልብ አቅም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ሕመሙ በተለምዶ ‹‹የልብ ድካም›› እየተባለ ሲጠራ ይሰማል። ይሁንና በባለሙያዎች አጠራር የልብ ድካም ማለት ልብ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ያህል ደም መርጨት ሲያቅተው የሚከሰት ሌላ ሕመም ነው። ‹‹የልብ መቆም›› የሚባለው ደግሞ የልብ የኤሌክትሪክ ሥርዓት ተዛብቶ ልብ ደም መርጨቱን በድንገት ሲያቋርጥ የሚደርስ ነው። በልብ መቆም የተመታ ሰው ወዲያውኑ ራሱን ይስታል፤ በሃርት አታክ የተያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነፍሱን የሚያውቅና የሚናገር በመሆኑ ወደ ሕክምና ለመድረስ ጊዜ አለው። ሃርት አታክ የልብ መቆምን ሊያስከትል ስለሚችል ይህ ጊዜ እጅግ ውድ ነው።

በወጣትነት የሚጀምር ሂደት

የልብ የደም ቧንቧዎች መጥበብ በአንድ ቀን የሚደርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 የአሜሪካ ወታደሮችን አስከሬን መርምሮ ነበር። የወታደሮቹ አማካይ ዕድሜ 22 ዓመት ሲሆን፣ 77 ከመቶ በሚሆኑት ላይ የልብ የደም ቧንቧ በሽታ ምልክት ተገኝቷል። የምልክቱ ደረጃ ከቀላል የግድግዳ መወፈር እስከ ሙሉ መዘጋት የሚደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመውና በቬትናም ጦርነት በሞቱ ወታደሮች ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ ምልክቱን በ45 ከመቶ ላይ አግኝቷል። ሁለቱም ጥናቶች የተካሄዱት በምልመላ ወቅት የጤናና የአካል ብቃት ምርመራ አልፈው ለግዳጅ በተሰለፉ ወጣቶች ላይ መሆኑ ውጤቱን ይበልጥ ትኩረት የሚስብ አድርጎታል።

ስብ በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ቀስ በቀስ እየተጠራቀመ ሲሄድ ሰውየው ለዓመታት ምንም ሕመም ላይሰማው ይችላል። ቧንቧው በከፍተኛ ደረጃ እስኪጠብብ ድረስ ደም በበቂ ሁኔታ ስለሚያልፍ ሮጦም ሆነ ተራራ ወጥቶ ችግር አይታይበትም። አደጋው የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ከጠባቡ ቦታ አይደለም። ቧንቧውን ብዙም ያላጠበበ፣ ነገር ግን ለስላሳና ስስ ሽፋን ያለው የስብ ክምችት በድንገት ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ላይ ይረጋና ቧንቧው በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋል። ‹‹ትናንት ምንም አልነበረውም›› የሚባለው ሰው ዛሬ በዚህ ሕመም ሊወድቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሕመሙ የሚያጋልጡ ሁኔታዎች

እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነውና 52 አገሮችን ያካተተው ‹‹ኢንተርሃርት›› የተሰኘ ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚከሰት ሃርት አታክ 90 ከመቶ ያህሉ ከዘጠኝ ሁኔታዎች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህም ሲጋራ ማጨስ፣ የደም ቅባት መዛባት፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የሆድ አካባቢ ውፍረት፣ የአእምሮ ውጥረት፣ አትክልትና ፍራፍሬ አለመመገብ፣ የአልኮል አጠቃቀም እና የአካል እንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ከሁሉም በላይ ጎልተው የታዩት ሲጋራና የደም ቅባት መዛባት ነበሩ።

በተለይ ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት በታች በሆኑ ታማሚዎች ላይ ሲጋራ በተደጋጋሚ የሚገኝ ምክንያት ነው። የሲጋራ ጭስ የደም ቧንቧን ውስጠኛ ሽፋን ከመጉዳቱም በላይ ደም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋል። በአንጻሩ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው፣ ማጨስ ያቆመ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ለልብ የደም ቧንቧ በሽታ ያለው ተጋላጭነት ከሚያጨስ ሰው ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ሁለተኛው የዘር ጉዳይ ነው። ከወላጅ በሚወረስ ምክንያት የደም ኮሌስትሮላቸው ከልደት ጀምሮ ከፍተኛ የሆነ ሰዎች አሉ። ይህ ሁኔታ ከ250 ሰዎች በአንዱ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። እነዚህ ሰዎች ቀጭንና ንቁ ቢሆኑም ሕክምና ካላገኙ ገና በ30ዎቹና በ40ዎቹ የዕድሜ ክልል ለሃርት አታክ ይጋለጣሉ። በመሆኑም አባቱ ወይም ወንድሙ ከ55 ዓመት በፊት፣ እናቱ ወይም እህቱ ከ65 ዓመት በፊት በዚህ ሕመም የተያዙበት ሰው ጉዳዩን ለሐኪሙ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ጫት አዘውትሮ መቃምም በዚሁ ረድፍ የሚታይ ነው። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የልብ የደም ቧንቧዎች እንዲኮማተሩም ሊያደርግ ይችላል። በየመን የተካሄዱ ጥናቶች ጫት በብዛት በሚቅሙ ሰዎች ላይ ሃርት አታክ ከሌሎች በበለጠ እንደሚከሰት አመልክተዋል። ጫትና ሲጋራ አብረው ሲወሰዱ ልብ በአንድ ጊዜ በሁለት በኩል ጫና ይደርስበታል።

ወጣት ሴቶችም ከአደጋው ነጻ አይደሉም። ሲጋራ የማያጨሱና የደም ቅባታቸው የተስተካከለ ሴቶች ጭምር የልብ የደም ቧንቧቸው ግድግዳ በድንገት በመሰንጠቁ ምክንያት ሃርት አታክ ሊይዛቸው ይችላል። ይህ ችግር ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትም የሚያጋጥም በመሆኑ የአራስ ሴት የደረት ሕመም በቸልታ መታለፍ የለበትም።

‹‹ጨጓራ ነው›› እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ

የሕመሙ ዋነኛ ምልክት በደረት መሐል የሚሰማ የመጨምደድ፣ የመጫን ወይም የማቃጠል ስሜት ሲሆን ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ ትከሻ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሊዛመት ይችላል። የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ያልተለመደ ድካምም አብረው ይታያሉ። በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ላይ የደረት ሕመሙ ቀላል ሊሆን ወይም ጭራሹን ላይኖር ይችላል።

እነዚህ ምልክቶች በወጣት ሰው ላይ ሲታዩ ብዙ ጊዜ በቀዳሚነት የሚሰጣቸው ስም ሌላ ነው። ጨጓራ ነው፣ ብርድ መቶኝ ነው፣ የሥራ ድካም ነው እየተባለ ሰዓታት ያልፋሉ። የላይኛው ሆድ ማቃጠልና ማቅለሽለሽ የሁለቱም ሕመሞች ምልክት በመሆኑ ስህተቱ በቀላሉ የሚፈጠር ነው። ባለ ጉዳዩ ራሱም ሆነ ባልደረቦቹ ‹‹በዚህ ዕድሜ የልብ ሕመም ከየት ይመጣል›› በማለታቸው ምክንያት ሊድን የሚችለው የልብ ጡንቻ በዚያው ጊዜ ውስጥ ይሞታል።

በኢትዮጵያ የወጣቶች የልብ ሕመም ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው በልጅነት ከሚደርስ የጉሮሮ ቁስለት ተከትሎ የሚመጣውና የልብ በሮችን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ይህ ሕመም አሁንም የብዙ ወጣቶች ችግር ነው። ይሁን እንጂ የአንዱ መኖር የሌላውን ጥርጣሬ ማስቀረት አይገባውም።

በመሆኑም ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ የቆየ ወይም እየሄደ የሚመለስ የደረት ሕመም የተሰማው ሰው፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ ሥራውን አቁሞ አረፍ በማለት እርዳታ መጥራት አለበት። ራሱ መኪና እያሽከረከረ ወደ ሕክምና መሄድ የለበትም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በስልክ ቁጥር 907፣ በአዲስ አበባም የእሳትና አደጋ ስጋት አገልግሎት በ939 ይገኛሉ። የአስፕሪን አለርጂና የመድማት ችግር የሌለበት ሰው 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን አኝኮ እንዲውጥ ይመከራል።

በጤና ተቋም በቅድሚያ የሚከናወነው የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ማለትም ኢ.ሲ.ጂ. ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ችግር ባያሳይም ሕመሙ ከቀጠለ ሊደገም ይገባል፤ ‹‹ትሮፖኒን›› የተባለው የደም ምርመራም የልብ ጡንቻ መጎዳቱን ያሳያል። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ተመራጩ ሕክምና በቀጭን ቱቦ አማካይነት መክፈት ሲሆን፣ ይህም ሕመሙ ከታወቀበት ጊዜ አንስቶ በ120 ደቂቃ ውስጥ ሊከናወን ይገባዋል። ይህን ማድረግ በማይቻልበት ቦታ ሕመሙ ከጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ የረጋ ደምን የሚያሟሟ መድኃኒት ይሰጣል። መድኃኒቱ በይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

ልብ ሲቆም

እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2003 የካሜሩን ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎዌ በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ከኮሎምቢያ ጋር በተደረገ ጨዋታ ሜዳ ላይ ወድቆ በ28 ዓመቱ ሞተ። ምክንያቱ ሃርት አታክ ሳይሆን በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ መወፈር እንደነበር ምርመራው አመልክቷል። ከ35 ዓመት በታች በሆኑ ስፖርተኞች ላይ ለሚደርሰው ድንገተኛ ሞት ይህን የመሰሉ የተፈጥሮ ችግሮች ከፍተኛ ድርሻ አላቸው።

በአንጻሩ የቦልተኑ ተጫዋች ፋብሪስ ሙዋምባ እ.ኤ.አ. በማርች 2012 ለንደን ውስጥ በተመሳሳይ ሁኔታ ወድቆ ልቡ ለ78 ደቂቃ ያህል በራሱ መሥራት ቢያቆምም ሕይወቱ ተርፏል። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰንም እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ኮፐንሃገን ላይ ከወደቀ በኋላ ድኖ በቀጣዩ ዓመት ወደ ጨዋታ ተመልሷል። ሁለቱንም ያተረፋቸው በቦታው ወዲያውኑ የተጀመረው የደረት ግፊትና ‹‹ዲፊብሪሌተር›› የተባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ያለ እርዳታ የሚያልፍ እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድልን ከ7 እስከ 10 ከመቶ ይቀንሳል።

የደረት ግፊት ለመስጠት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የወደቀው ሰው ካልነቃና በትክክል ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኝቶ፣ ሁለት መዳፍን ደራርቦ፣ የደረቱን መሐል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው። ይህም እርዳታ እስኪደርስ መቋረጥ የለበትም።

ቅድመ ጥንቃቄ

ጣሊያን ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተወዳዳሪ ስፖርተኞች ኢ.ሲ.ጂ.ን የሚያካትት ምርመራ እንዲያደርጉ በሕግ ደንግጋለች። በቬኔቶ ክልል የተካሄደ ጥናት በስፖርተኞች ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በ89 ከመቶ መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ አድርጓል።

ለብዙው ሰው ግን መነሻው ከዚህ የቀለለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች 16 ከመቶ ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን ያሳየ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም። የደም ግፊትን መለካት ደቂቃዎችን ብቻ የሚወስድ ሲሆን 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ የተለካበት ሰው ሐኪም ማማከር አለበት። የደም ስኳርና ኮሌስትሮል ምርመራም እንዲሁ በወጣትነት ሊጀመር ይገባዋል።

ይህ ማለት ከስፖርት መራቅ ማለት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል፤ አዘውትሮ መንቀሳቀስም የልብ ሕመምን ይቀንሳል። ጥንቃቄ የሚያሻው ለዓመታት ከወንበር ሳይነሳ ቆይቶ በድንገት ከባድ እንቅስቃሴ ለሚጀምር ሰው ነው።

መሥሪያ ቤቶችም የድርሻቸውን መወጣት ይችላሉ። ለሠራተኞች የደም ግፊት መለኪያ ማዘጋጀት፣ ቅጥር ግቢን ከሲጋራ ጭስ ነጻ ማድረግ፣ በየክፍሉ የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ሰው እንዲኖር ማድረግና የአምቡላንስ ስልክ ቁጥሮችን በግልጽ መለጠፍ ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ወጣት ባልደረባ ‹‹ደረቴን አመመኝ›› ባለ ጊዜ ዕድሜውንና ቁመናውን አይቶ ከማጽናናት ይልቅ ወደ ሕክምና ማድረስ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ኢ.ሲ.ጂ. ተነስቶ ጨጓራ መሆኑን ማረጋገጥ ጨጓራ ነው ብሎ ልብን ከማጣት ይሻላል።