የሴቶች ባልንጀርነት በታሪካችን፦ ከጣና ደሴቶች እስከ ሪጀንት ፓርክ

የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ሴት ሲያወሱ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ብቻ ነጥለው ያቆሙልናል። እቴጌ እሌኒ፣ እቴጌ ምንትዋብ፣ እቴጌ ጣይቱ፤ ሁሉም በባል ወይም በልጅ አጠገብ ይታያሉ፤ በሌላ ሴት አጠገብ የሚታዩበትን ገጽ ፈልጎ ማግኘት ግን ያስቸግራል። ይህ የሆነው ባልንጀራ ስላልነበራቸው አይደለም። ዜና መዋዕል ጸሐፊው የሚኖረው በግቢ፣ የሚጽፈውም ስለ ሹመትና ሽረት፣ ስለ ዘመቻና ግብር ስለ ነበረ ነው። በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያለፍነው እኛም ዜና መዋዕሉን እየነቀፍን ዐይኑን ወረስን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ በክርስቲያን ሴቶቻችን መካከል የኖረው የቅርብ ባልንጀርነት ከስሜት ያለፈ፣ ሥርዐትና ግዴታ ያለው፣ በክፉ ቀንም ማኅበረሰብን አቁሞ የሚያሳድር ተቋም መሆኑን ነው። ምስክሮቼ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በ17ኛው መቶ ዘመን በግእዝ የተጻፈ ገድል፣ ሌላው በቶሮንቶ ከተማ ሪጀንት ፓርክ በሚባለው ሰፈር በዐይኔ ያየሁት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገድሉ ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። በ1672 ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ እርሷን ያውቁ ከነበሩ የማኅበሯ ሰዎች የሰማውን አሰባስቦ ጻፈው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ግእዙን በ1912 አሳተመው፤ ላንፍራንኮ ሪቺ በ1970 ወደ ጣሊያንኛ መለሰው፤ የዌንዲ ቤልቸርና የማይክል ክላይነር የእንግሊዝኛ ትርጉም ደግሞ በ2015 ወጣ። ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወልዳ፣ የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በ1617 በንጉሡ ጦር እጅ ሲገደሉ ባሏ በንጉሡ ወገን ተሰልፎ ነበር፤ ከዚያ ግፍ በኋላ ከእርሱ ጋር ከአንድ ማዕድ መቁረስ አልሆነላትም። ቀደም ሲል ጠፍታ በተሸሸገችበት ጊዜ ባሏ የሸሸጋትን አገር በጦር አስጨንቆ አስመልሷት ነበር። በሁለተኛው ግን ቆረጠች፤ ወደ ጣና ወርዳም መነኰሰች።

እስከዚህ ያለውን ታሪካችን ያውቀዋል፤ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ሲቀበል የተቃወመችውን ወለተ ጴጥሮስን ብዙዎች ጽፈውላታል። የዘነጋነው ሁለተኛዋን ሴት ነው።

እኅተ ክርስቶስ እርሷም የባላባት ልጅ ነበረች፤ ባሏንና ሴት ልጇን ትታ መንናለች። የሁለቱን ሐሳብ የሚያውቁ መነኮሳት አንድነት ቢኖሩ ይበጃቸዋል ብለው አገናኟቸው። ገድሉ ስለዚያች ቀን ሲተርክ፣ ገና ከሩቅ እንደ ተያዩ የቆየ ትውውቅ ያላቸው ያህል መፋቀራቸውን፣ ከዚያም ወዲያ በመከራውም በሰላሙም ከሞት በቀር የለያቸው አለመኖሩን ይነግረናል። የገድል ጸሐፊ ለእንዲህ ያለ ነገር ብራና አያባክንም። ገድል የሚጻፈው ለተጋድሎ፣ ለተአምርና ለቃል ኪዳን ነው፤ ጻድቅ ወይም ሰማዕት ብቻውን ከዲያብሎስ ጋር ይታገላል እንጂ ጓደኛ ሲያገኝ አይታይም። ገላውዴዎስ ይህን ሊያስቀር ሲችል ያላስቀረው፣ ታሪኩን የነገሩት መነኮሳይያት ያለ ሁለተኛይቱ የመጀመሪያይቱን ሊያስቧት ስላልቻሉ ይመስለኛል። እኅተ ክርስቶስ ከሞተች 23 ዓመት አልፎ እንኳ በሴቶቹ አንደበት ሁለቱ አንድ ላይ ነበሩ።

ይህ ባልንጀርነት ምን ሠራ? ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡን ሃይማኖት በአደባባይ በማውገዟ ለፍርድ ቀረበች፤ ከሞት ብትተርፍም ወደ ሱዳን በሚያወርደው ቆላ ወደ ዠበይ ተግዛ ሦስት ዓመት ቆየች። የግዞት ፍርድ ዐላማው ሰውን ብቻውን ማስቀረት ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ማኅበሯ የተመሠረተው በዚያው በግዞት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ የተመሠረቱት ተደምረው ሰባት ሆኑ። ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት ለሕዝቡ ሲመልስና ዙፋኑ ለፋሲለደስ ሲያልፍ፣ እነዚህ ማኅበሮች ቆመው ይጠብቁ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ በ1642 ዐርፋ በሬማ ደሴት ተቀበረች። በአንድ ሰው ዙሪያ የተሰበሰበ ማኅበር መሥራቹ ሲሞት መበተኑ በታሪክ የተለመደ ነው። ይኸኛው አልተበተነም፤ እኅተ ክርስቶስ እመ ምኔት ሆና እስከ ዐረፈችበት እስከ 1649 ድረስ ይዛው ቆየች። ኋላም በጣና ዳር ለወለተ ጴጥሮስ መታሰቢያ የሆነው የቆራጣ ገዳም ተመሠረተ። በ1866 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም የዐፄ ቴዎድሮስን ፈቃድ እየጠበቀ የሰነበተባት ቆራጣ ይህችው ናት። አገር ጎብኝዎች ስለ ከተማዋ ብዙ ጽፈዋል፤ እዚያ ያደረሳት ግን ከባልንጀራዋ በኋላ ሰባት ዓመት የቆየች መነኵሲት መሆኗን ያሰበ የለም።

በ2015 የእንግሊዝኛው ትርጉም ሲወጣ፣ ገድሉ ስለ ሴቶቹ ፍቅር የሚናገርባቸው ጥቂት መስመሮች እንዴት ይነበቡ በሚለው ላይ ብርቱ ክርክር ተነሣ። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ አንዳንዶች በዘመናቸው መዝገበ ቃላት ሊያነቡት ሞከሩ፤ ከእኛ ወገን ደግሞ ነገሩን እንደ ስድብ ቆጥረው የተነሡ ብዙ ነበሩ። በበኩሌ ግእዙን ደጋግሜ አንብቤአለሁ፤ መነኮሳይያቱ በምንኩስናቸው ሕግ እንደ ኖሩ ገድሉ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ከሁለቱም ተከራካሪዎች የጎደለ አንድ ነገር አየሁ። አንዱ ወገን ስም ሊያወጣለት ሲቸኩል፣ ሌላው ስሙን ሊያስወግድ ሲቸኩል፣ ባልንጀርነቱ ራሱ ምን እንደ ሠራ የጠየቀ አልነበረም።

ባልንጀራ የሚለው ቃል ባለ እንጀራ ከሚለው መጣ የሚሉ አሉ፤ ሊቃውንቱ ይስማሙም አይስማሙ ቃሉ ሲነገር ማዕድ መሸተቱ አይቀርም። ለሴቶቻችን ይህ ማዕድ ከምንኩስና ውጭም ሥርዐት ነበረው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ፣ ሴቷን ልጅ ክርስትና የምታነሣት ሴት ናት። በዚያች ቀን ሁለት ጎረቤታሞች አበልጅ ይሆናሉ። አበልጅነት ተራ ወዳጅነት አይደለም፤ እንደ ሥጋ ዝምድና ተቆጥሮ ጋብቻ ይከለክላል፤ እናት ስትሞት ልጅቷን የሚጠይቅ ሁለተኛ ቤት አለ ማለት ነው። ማኅበሩም እንዲሁ ነው። በወር አንድ ቀን፣ ለእመቤታችን ከሆነ በ21ኛው ቀን፣ ጽዋው ከተረኛ ቤት ይወጣል፤ ዳቦ ይቈረሳል፤ ጠላ ይቀዳል፤ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። የተጣላ ካለ ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም፤ የታመመች ካለች ትጠየቃለች። ይህን ሁሉ የምናውቀው ስለ ሆነ ለታሪክ የሚበቃ ነገር አይመስለንም። እናቴ በጎንደር የማርያም ማኅበር ነበረቻቸው፤ እኔ ግን ለዶክትርና ጽሑፌ የመረጥሁት የጉልት ሥሪትን ነው። ስለ ጉልት ሰነድ አለ፤ ስለ እናቴ ማኅበር ግን አንድ ወረቀት አልነበረም።

ወደ ሪጀንት ፓርክ የወሰደችኝ አክስቴ ናቸው። በ1980ዎቹ ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ የወጡት በቆላው በኩል ነው፤ ወለተ ጴጥሮስ የተጋዘችበት አቅጣጫ መሆኑን በኋላ ስነግራቸው፣ «እርሷን ንጉሥ ሰደዳት፤ እኛን ማን ሰደደን ትላለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሱዳን ወደ ካናዳ መጥተው በሪጀንት ፓርክ የመንግሥት ኪራይ ቤት ተሰጣቸው። ሰፈሩ ከቶሮንቶ መካከል በስተምሥራቅ፣ ከጄራርድ እስከ ሹተር፣ ከፓርላመንት እስከ ሪቨር ጎዳና የሚደርስ ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠራ፣ በካናዳ የመጀመሪያው ሰፊ የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ሲሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ ተከራዮች ተስፋ እንደ ነበረ ይጻፋል። እኛ በደረስንበት ዘመን ግን የከተማው ጋዜጣ ስሙን የሚያነሣው በወንጀል ዜና ብቻ ነበር። አክስቴ ግን በዚያው ፎቅ ሦስት ኢትዮጵያውያት አገኙ፤ ዓመት ሳይሞላ የማርያም ማኅበር ተጀመረ።

ለአንባቢ የማይረሳኝን አንድ ነገር ልንገር። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወረዱ፤ ቆይቶም በስደት ሌላ ሲኖዶስ ቆመ። እስከ 2018ቱ የዋሽንግተን ዕርቅ ድረስ በሰሜን አሜሪካ ያለው ምእመን የአገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ የስደተኛው ሲኖዶስና ገለልተኛ በሚባሉ አብያተ ክርስቲያናት ተከፍሎ ኖረ። አንድ ቤተሰብ እንኳ በእሑድ ጧት በተለያየ አውቶቡስ ይሄድ ነበር። የአክስቴ ማኅበር ከሦስቱም የመጡ ሴቶች ነበሩበት። ታዲያ የማንን ካህን ይጥሩ? መፍትሔያቸው ቀላል ነበር፤ በየወሩ የተረኛዋ የነፍስ አባት ይመጣል፤ የማን ሲኖዶስ እንደ ሆነ አይጠየቅም። ካህን የታጣ እንደ ሆነ ንባብ የምትችለዋ ተአምረ ማርያም ታነብባለች። በዚያው ዘመን እኔ አባል የሆንሁበት የምሁራን ክበብ ነበረን፤ መተዳደሪያ ደንቡን ለማርቀቅ ስድስት ወር ፈጀብን። ደንቡ ከጸደቀ በሁለተኛው ዓመት ሦስት ክበብ ሆንን። የአክስቴ ማኅበር የተጻፈ ደንብ የለውም። ወንድሞቼ ምሁራን ይቅር ይበሉኝ፤ ይህን የጻፍሁት ለመወቀስ ሳይሆን ለማነጻጸር ነው፤ ወቀሳ ከሆነም መጀመሪያ የሚያርፈው በእኔው ላይ ነው።

እርግጥ ነው፣ ነገሩን ማሳመር አልሻም። ማኅበሩ ሐሜት ነበረበት፤ ሀብታም ደግሳ ድኻዋን የምታሳፍርበት ወር ነበረ፤ ሴት ልጆቻቸው ቋንቋውን እየረሱ ሲሄዱ ተራውን የሚረከብ ይጠፋ ጀመር። ከሁሉ የከፋው ግን የቤቶቹ መፍረስ ነበር። በ2005 ሪጀንት ፓርክን አፍርሶ እንደገና የመሥራት ሥራ ተጀመረ። ተከራዮች ተመልሰው የመኖር መብት ተሰጣቸው፤ አዲሱም ሰፈር ዋና ገንዳና የጥበብ ማእከል ያለው፣ ከቀድሞው ይልቅ ያማረ ነው። ነገር ግን መልሶ መኖር ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጥ መብት ነው፤ ከአንዲት ሴት ጋር ፊት ለፊት በር የመጋራት መብት በማንም ውል ውስጥ የለም። አክስቴ ወደ ስካርቦሮ ሄዱ፤ አንዷ በዚያው ቀረች፤ ሌሎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተበተኑ። ጽዋው ግን አልቆመም። በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ በገበያ ዘንቢል ሆኖ፣ በዳንዳስ ጎዳና በሚያልፈው ትራምና በአውቶቡስ ከቤት ቤት ይሄድ ነበር። አንድ ወር የጥር በረዶ ሲወርድ አክስቴን በመኪና ላድርሳቸው ብዬ ሄጄ፣ ዘንቢሉን በጭናቸው ይዘው፣ «ቀስ በል፤ ሰው ይዘናል» አሉኝ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በኅዳር 2020 ነው። በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ከአባሎቹ አንዷ፣ የመቀሌ ልጅ፣ ለወራት የቤተሰቧን ድምፅ ሳትሰማ ቆየች። የጎንደሯ አበልጇ ወንድም ደግሞ በጦርነቱ ቆሰለ። ሁለቱ ያንዷን ልጅ አንዷ ክርስትና ያነሡ ነበሩ። በማኅበሩ ቀን አንድ ቃል ተነገረ፤ ምን እንደ ሆነ አክስቴ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። የመቀሌዋ መምጣት ተወች። በግንቦት 2021 በትግራይ ያሉ አባቶች ከሲኖዶሱ መለየታቸውን ሲያስታውቁ፣ አብቅቷል ብዬ ደመደምሁ። ታሪክ ያስተማረኝ እንዲህ ብዬ መደምደምን ነው።

የማኅበሩ ሴቶች ግን ስሟን ከተራው አልሰረዙም። የእርሷ ወር ሲደርስ የጎንደሯ አበልጇ ዳቦውን በእርሷ ስም ጋገረች፤ ዝክሩም በእርሷ ስም ተደረገ። በሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በኅዳር 2022 ከተፈረመ በኋላም አልመጣችም፤ ሐዘን በስምምነት ቀን አያልቅም። በሦስተኛው ዓመት ወርዋ ሲቃረብ አክስቴ ጽዋውን በዘንቢል ይዘው ወደ ሪጀንት ፓርክ፣ ወደ አዲሱ ፎቅ ሄዱ፤ ከታች ደወሉ። አሳንሰሩ ድረስ የወረደችው ልጇ ናት፤ በጎንደሯ ሴት እጅ ክርስትና የተነሣችው። ዘንቢሉን ተቀብላ ወጣች። አክስቴ ከታች ወንበር ላይ ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ጠበቁ ልጅቷ ተመለሰች፤ ባዶውን ዘንቢል ሰጠቻቸውና፣ «እማዬ፣ ስንት እንጀራ ይበቃል? ብላለች» አለቻቸው።