ስድስት ደቂቃ በሣሩ ሜዳ ላይ

የጂንካ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ መሀል ከተማ ላይ የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነው። አውሮፕላን በሚያርፍበት ዘመንም ቢሆን ከብት ይግጥበት፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት፣ ገበያተኛው አቋርጦት ያልፍ ነበር። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝና ሜዳውን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ፣ ስትሮክ የመታው ሰው ቀጥ ብሎ የሚራመድበት ረጅም ደልዳላ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም።

እዚያ የምለካው ትንፋሽ ነው። ልኬቱ ራሱ የተጀመረውም ሣር ላይ ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የአየር ከረጢት አዝሎ በሣር መሮጫ ላይ ይዞር ነበር። ከረጢቱ ያስወጣውን ትንፋሽ ያጠራቅማል፤ ሰውነቱ ምን ያህል ኦክሲጅን እንደተጠቀመ ከዚያ ይሰላል። ፍጥነት ሲጨምር አጠቃቀሙም ይጨምራል፤ ከአንድ ደረጃ በኋላ ግን የቱንም ያህል ቢሮጥ ንቅንቅ አይልም። ዛሬም የልብና የሳንባ አቅም የሚባለው ያ ጣሪያ ነው።

ወደ እኛ አገር እንዲህ ያለው ልኬት ሲመጣ ታማሚ ፍለጋ አልመጣም። የስዊድን ሐኪሞች የኢትዮጵያውያን ወንዶች ልጆችንና ወጣቶችን የሥራ አቅም ከአመጋገባቸው ጋር አያይዘው አጥንተው በ1969 አሳተሙ። በዚያው ዓመት እንግሊዞች ደባርቅንና አዲ አርቃይን አነጻጸሩ፤ የመጀመሪያው 3,000፣ ሁለተኛው 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። (ጂንካ ከአዲ አርቃይ ጋር እኩያ ናት ለማለት ይቻላል፤ የደጋ ሳንባ ወሬ እኛን አይመለከትም።) አበበ ቢቂላ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ የሆኑበትም በ1969 ነው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ታክሞ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። እግርና ትንፋሽ ሁለት ነገር መሆናቸውን ለተማሪ ማስረዳት ስፈልግ የማነሳው እሱን ነው።

በስትሮክ ሕክምና ለረጅም ጊዜ የታየው እግርና እጅ ብቻ ነበር። በርታ ቦባት ለንደን ላይ ያስተማረችው ዘዴ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ታማሚው ጉልበት ካወጣ የተገታተረው ጡንቻ ይብስበታል የሚል ፍርሃት አብሮ ተዛመተ። ስለዚህ ቀስ በል፣ አትድከም ተባለ። ትንፋሹን ማንም አልጠየቀም። በ1995 የእነ ፖተምፓ ጥናት ግማሽ ጎናቸው የደከመ ሰዎችን ለእነሱ በተስተካከለ ብስክሌት ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ቀን አሠርቶ አቅማቸው ማደጉን አሳየ። በእኔ ግምት ሠላሳ ዓመት የዘገየ ሥራ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው የትንፋሽ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ከጤነኛ እኩያው ግማሽ ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ እየጎተተ ስለሚራመድ ለአንድ ዓይነት መንገድ የሚከፍለው ጉልበት ይበዛል።

የትንፋሹን ጋዝ የሚለካው ማሽን በሌለበት የሚቀረው እርምጃ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪሙ ኬኔት ኩፐር በ1968 የ12 ደቂቃ ሩጫን መለኪያ አደረገው። በ1976 የብሪታንያ ሐኪሞች ለብሮንካይትስ ታማሚዎች ሩጫውን ወደ እርምጃ ለወጡት፤ በ1982 ደግሞ 12ቱ ደቂቃ በዛ ተብሎ 6 ደቂቃ በቂ መሆኑ ታየ። በ2002 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ 30 ሜትር ኮሪደር ይላል።

እኔ 30 ሜትሩን በሲባጎ ለክቼ ጫፍና ጫፉ ላይ ውኃ የሞላ ሃይላንድ አቆማለሁ። መጀመሪያ ደም ግፊት፣ ከዚያ በደህናው እጅ የልብ ምት። የሐመር ሰው ከሆነ በርኮታውን ይዞ ይመጣል፤ ሲደክመው ቁጭ ይልበታል፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ጤነኛ አዋቂ ከ400 እስከ 700 ሜትር ይሄዳል። የኛ ታማሚ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው መዞሪያው ላይ ነው፤ የታመመውን እግር ማዞር ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሜትር ለማይገባቸው ሌላ ጥያቄ አለኝ። ከታማሚዎቼ አንዱ የአሪ አዛውንት ናቸው፤ ኮረሪማ ይሸጣሉ።

«አባባ፣ ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ስንት ቦታ ያርፋሉ?»

«ድሮ የት አርፌ! አሁን ወፍጮው ጋ አርፋለሁ፣ ድልድዩ ጋ አርፋለሁ፣ ዳገቱ ላይማ ሁለቴ ነው ልጄ።»

«የሚያስቆምዎት እግርዎ ነው ትንፋሽዎ?»

ዝም ብለው አሰቡ። «ድልድዩ ጋ እግሬ ነው። ዳገቱ ላይ ግን ደረቴ።»

የስድስት ደቂቃው ፈተና ይህን አይነግረኝም። የተሠራው ለሳንባ ታማሚ ነው፤ ስትሮክ የመታው ሰው ላይ ከልብ ይልቅ እግርንና ሚዛንን ይለካል። ስለዚህ ካርዱ ላይ ከሜትሩ ጎን ሲቆም የነበረውን የልብ ምትና ያቆመውን ምክንያት እጽፋለሁ። ጉልበቱ ከድቶት፣ ልቡ ግን ሳይፈጥን የቆመ ሰው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ ይለማመዳል። አየር አጥሮት የቆመውን ደግሞ፣ ግፊቱ ልክ ከሆነ፣ ከሰው ጋር እያወራ በየቀኑ እንዲራመድ አዘዋለሁ፤ ማውራት ካቃተው ፍጥነቱን ይቀንሳል። አዛውንቱን ሁለቱንም አዘዝኳቸው።