ሲንቄ፦ የአርሲ ሴቶች በትር

ሐሮሬሳ ከሚባል ዛፍ የተቆረጠች ቀጭን በትር። የአርሲ ደጋ።

በሠርጓ ቀን እናት ለልጇ የምትሰጣት ናት፤ ከብት አትነዳም። ባሏ የበደላት ሚስት ሲንቄዋን ይዛ እየጮኸች ከቤት ስትወጣ፣ የሰሙት የመንደሩ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው በየበትራቸው ይከተሏታል። ጥፋተኛው ክሶ እስኪታረቅ አይመለሱም። ለጠብ በተሰለፉ ወንዶች መሀል ሲንቄ የያዙ ሴቶች ከገቡም አልፎ መምታት ነውር ነው።

አርሲ ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. የምኒልክን ጦር ተዋግቶ ተሸነፈ። ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ አገሩን ያዙ፤ የገባር ሥርዓት ተተከለ፤ የሲንቄ ዳኝነት ከመንግሥት ሕግ ውጭ ቀረ። ይህን ዘመቻ “ቅኝ ግዛት ነው” እና “አገር ማቅናት ነው” የሚሉት ወገኖች ዛሬም አልተስማሙም።

የሴቶች ሥልጣን በድል አድራጊዎች የተገፋው በአርሲ ብቻ አይደለም፤ በፊሊፒንስም የስፔን መነኮሳት ባባይላን የተባሉትን ሴት የመንፈስ መሪዎች ከክብራቸው አውርደዋቸዋል። ሲንቄ ግን፣ ብትዳከምም፣ በአርሲ ገጠር አሁንም ታስታርቃለች። በ2009 ዓ.ም. የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት በዩኔስኮ ሲመዘገብ ይበልጥ የተወራው ስለ ወንዶቹ ሥልጣን መሆኑ ያሳዝናል።

አያትዎ ሲንቄ ካላቸው፣ ምን ምን እንደዳኙባት ዛሬውኑ ይጠይቋቸው።