የሰውነት ፈሳሽ መጠንና የጡንቻ ኦክስጅን፦ ከኦምዱርማን የኮሌራ ወረርሽኝ አንጻር

በግንቦት 2017 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ በነበረችው ሱዳን፣ በካርቱም ግዛት የኃይል ጣቢያዎች በድሮን ሲመቱ የውኃ ማጣሪያዎች ሥራ አቆሙ። የኦምዱርማን ነዋሪ የዓባይን ውኃ እንዳለ ለመጠጣት ተገደደ፤ ኮሌራም በፍጥነት ተዛመተ። ወሩ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ነው። በጽኑ የታመመ አዋቂ በሰዓት እስከ 1 ሊትር በተቅማጥ ሊያጣ ይችላል፤ ላቡ ሳይቆጠር።

የሚወጣው ውኃና ጨው እንጂ ቀይ የደም ሕዋስ ስላልሆነ ደሙ ይወፍራል፤ ሂሞግሎቢኑም ከፍ ብሎ ይነበባል። ይህ ቁጥር ሐኪምን ያዘናጋል። 1 ግራም ሂሞግሎቢን 1.34 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሸከማል። ሂሞግሎቢኑ በዴሲ ሊትር ደም 15 ግራም የሆነ ጤናማ ሰው ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ደም ሲረጭ፣ ወደ ሰውነቱ የሚደርሰው ኦክስጅን 1 ሊትር ገደማ ነው። በድርቀት ሂሞግሎቢኑ 18 ገብቶ ርጭቱ ወደ 3 ሊትር ቢወርድ ግን የሚደርሰው 720 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ይሆናል።

ጉድለቱ ቀድሞ የሚያርፈው በጡንቻ ላይ ነው። ሰውነት ለአንጎልና ለልብ ሲል የቆዳን፣ የአንጀትንና የጡንቻን ደም ሥሮች ያጠብባል። በሙቀት ውስጥ ብስክሌት እየነዱ ከክብደታቸው 4 በመቶ ያህል ፈሳሽ ባጡ ጤናማ ሰዎች ላይ እንደታየው፣ ወደ እግር የሚሄደው ደም ቢቀንስም ጡንቻው ከእያንዳንዱ ጠብታ የበለጠ ኦክስጅን በመምጠጥ ይቋቋማል። የኮሌራ በሽተኛ ይህን ወሰን ያልፋል፤ እጁ ይቀዘቅዛል፣ የክንዱ ትርታ ይጠፋል፣ ጡንቻው ያለ ኦክስጅን እየሠራ ላክቲክ አሲድ ያከማቻል። ባቱን የሚያሸማቅቀው ሕመም ግን በአብዛኛው ከጨው መጥፋት የሚመጣ ነው።

ከባድ ድርቀት ላለበት አዋቂ ሪንገር ላክቴት በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር በ3 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ 30ው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት። ፈሳሹ ሲገባ ሂሞግሎቢን ይወርዳል። የደም ማነስ ያለባት እናት 12 ተነቦላት ከሕክምናው በኋላ 10 ቢሆን፣ ርጭቷ ከ3 ወደ 5 ሊትር ከተመለሰ ጡንቻዋ ከበፊቱ የተሻለ ኦክስጅን ያገኛል። በቁጥሩ መውረድ ተደናግጦ ፈሳሹን ማቆም ከባድ ስሕተት ነው። የደም ማነሱን ትክክለኛ መጠን የሚያሳየው ድርቀቱ ከተቃና በኋላ የሚደረገው ምርመራ ነው።

ጦርነቱ ባመጣው ረሃብ ክፉኛ ለተጎዳ ሕፃን ይህ መጠንና ፍጥነት አይሆንም። የደከመ ልቡ በችኮላ የገባውን ፈሳሽ መርጨት ሲያቅተው ውኃው ሳንባው ውስጥ ይጠራቀምና ኦክስጅኑ ገና ከመነሻው ይጓደላል። ለእርሱ ፈሳሹ በአፍ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፤ በደም ሥር የሚሰጠው ራሱን እስከ መሳት ሲዳከም ብቻ ሲሆን፣ ያኔም አተነፋፈሱና የልብ ምቱ በየጊዜው እየተቆጠረ ነው።