የአራዳ ሱቆች፤ ከገበያው እስከ ፒያሳ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ እንዲሆን በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብጽፍ እንደሚሻል መከሩኝ። ምክራቸው መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ስለ ዓድዋ የሚጽፍ ከእኔ የበለጠ ዐዋቂ መቼም አይጠፋም። ስለ ሱቅ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች፥ ጥንት አራዳ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ስፍራ፥ በመንገድ ዳር ሱቅ ከፍተው የኖሩት ቸርቻሪዎችና የእጅ ሠራተኞች ምን እንደ ደረሰባቸውና በየጊዜው እንዴት እንደ ተነሡ የማውቀውን ያህል ለአንባቢዎቼ እነግራለሁ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ከተማ ከመሆኗ ይልቅ የሰፈሮች ስብስብ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ በግቢያቸው፥ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው በተመሩት ጉብታ ላይ ከነሠራዊታቸው ሰፍረው፥ በመካከላቸው ሜዳና ወንዝ ነበረ። እነዚህን ተራርቀው የሰፈሩ ሰዎች በአንድ ቦታ የሚያገናኛቸው ገበያው ነበረ። ገበያውም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአራዳ ላይ ቆመ። በየቀኑ ሰው ባይጠፋበትም ታላቁ ቀን ቅዳሜ ነበረ። እህሉ፥ ቅቤው፥ ማሩ፥ ጥጡ፥ በርበሬው፥ የጋማ ከብቱ እያንዳንዱ የየራሱ ቦታ ነበረው፤ ዛሬ በመርካቶ «ምናለሽ ተራ»፥ «ቦምብ ተራ» እያልን የምንጠራው አጠራር የዚህ ዐይነቱ ሥርዐት ተከታይ ነው። ገበያተኛው የሚገበያየው በማርትሬዛ ብር ሲሆን፥ ለጥቃቅኑ ዕቃ አሞሌ ጨው ይሰጥ ነበረ። ቀረጡን የሚያስከፍለውና ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ የሚዳኘው ነጋድራሱ ነበረ።

በገበያው ዳር ቋሚ ሱቅ የከፈቱት ግን አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ሕንዶቹ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ከእነርሱም መሐመድ አሊ የሚባለው ኩባንያ ትልቅ ስም ነበረው። አርመኖቹ ጫማና ልብስ በመስፋት፥ ወርቅ በመሥራትና ሰዓት በማደስ፥ ግሪኮቹ ዳቦ በመጋገርና የምግብ ሸቀጥ በመሸጥ፥ ዐረቦቹም በየመንገዱ ማእዘን ስኳርና ሻይ፥ ላምባና ክብሪት በመቸርቸር ይታወቁ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ፥ ቀድሞ በበቅሎ ጀርባ ይመጣ የነበረው ሸቀጥ በፉርጎ ይራገፍ ጀመረ፤ ሱቆቹም በዙ።

የእኛ ሰዎች በሱቅ ንግድ ለምን ዘገዩ? እኔ እንደሚመስለኝ የመጀመሪያው ምክንያት ንቀት ነው። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፥ ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ» እያሉ መስደብ የጨዋነት ምልክት የሚመስላቸው ብዙዎች ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም ለትንሹ ነጋዴ በሩ ሩቅ ነበረ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፥ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር እንዴት እንደሚደኸይ አስረድተዋል። እኒህ ሰው የጉምሩክ ሹም ስለ ነበሩ የጻፉት በሚዛን ሲመዘን በዐይናቸው ያዩትን ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ መከራ የመጣው በ1928 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ፥ የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ ከተማይቱ ያለ ጠባቂ ቀረች። በእነዚያ ቀኖች የአራዳ ሱቆች ተዘረፉ፤ ብዙዎቹም ተቃጠሉ። ይህን ያደረገው ባዕድ ሳይሆን የገዛ ወገናችን ስለ ሆነ ነገሩ ሲተረክ ብዙ ጊዜ በአጭሩ ይታለፋል፤ እኔ ግን የሱቅ ታሪክ እጽፋለሁ ብዬ ተነሥቼ ልዘለው አልችልም።

ጠላት ከገባ በኋላ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ የሚኖርበትን ፕላን አወጣ። በዚህም ፕላን መሠረት የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደና «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፥ ማለት የአገሬው ገበያ ተባለ። አራዳም በኢጣልያንኛ አደባባይ ማለት የሆነውን «ፒያሳ» የሚለውን ስም አገኘች። መሐመድ አሊን የመሰለ ኩባንያ እንኳ በ1929 ዓ.ም. እንዲባረር ሲደረግ፥ መደብ ላይ የሚቸረችረው ሰው ምን አቅም ነበረው? ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ወጣ፤ ሁለቱ ስሞች ግን ቀሩ። ገበያውም ወደ ቀድሞ ቦታው አልተመለሰም።

እንግዲህ አራዳ ገበያዋን ከተነጠቀች በኋላ ሌላ እንጀራ መፈለግ ነበረባት፤ አገኘችም። እህሉና ቅቤው በመርካቶ ሲቀር፥ ፒያሳ የወርቅ ቤት፥ የሰዓትና የመነጽር፥ የመጻሕፍት፥ የፎቶግራፍ፥ የልብስ ስፌትና የኬክ ቤት ስፍራ ሆነች። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኤምፓየር ሰውን ማታ ማታ ይስቡ ነበር፤ ፊልም ሊያይ የመጣውም ሰው መስኮት ሳያይ አይመለስም። «የአራዳ ልጅ» የሚለው አነጋገር የነቃና ዘመናዊ ሰው ማለት መሆኑ ከዚህ መንገድ ጠባይ የመጣ ነው።

አያቴ ወደዚህ መንገድ የመጡት በ1950ዎቹ መጀመሪያ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር ነው። መጀመሪያ ሊስትሮ ነበሩ፤ ቀጥሎ በአንድ አርመናዊ ሰዓት ሠሪ ዘንድ እየተላላኩ ሰዓት መፍታትና መግጠም ተማሩ፤ በኋላም ከአንድ ሱቅ በር አጠገብ ሁለት ሰው የማያስቀምጥ መስኮት ተከራይተው ለራሳቸው ሠሩ። የሥራ ዕቃውን የገዙበት ገንዘብ ከባንክ አልመጣም፤ ከዕቁብ ነው። ዕቁብን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሆኖም በሱቅ ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ ልብ ያለው ጥቂት ይመስለኛል። አንድ ሰው ዕጣው ሲደርሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ዋሱም ከጎኑ ያለው ባለ ሱቅ ነው። የዕቁቡ ዳኛ በየቀኑ መንገዱን ሲያልፍ ሱቁ ተከፍቶ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ያያል። የአንዱ ልጅ ታሞ ወይም ሸቀጡ ተሰርቆ እንደ ሆነ፥ ዕጣ የደረሰው ጎረቤት ተራውን ይለቅለታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰዎቹ በአንድ መንገድ ላይ በር ለበር ስለሚተያዩ ነው። ዱቤም እንደዚሁ ነው። የአያቴ የዱቤ ደብተር ዛሬም አለ፤ በውስጡ የሰው ስም እምብዛም የለበትም፤ «መነጽር ያለው አስተማሪ»፥ «የጊዮርጊሱ ዲያቆን»፥ «ባለ ቀይ ኮት» ይላል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የፒያሳ ቤቶች ብዙዎቹ የባለ ርስቶች ስለ ነበሩ፥ ተከራዩ ያን ለት እልል አለ፤ ኪራይ ስለ ተቀነሰለትም ደስታው ተገቢ ነበረ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ጣራ ባለቤት አጣ። ቀበሌው በዚያ ኪራይ ቆርቆሮ መለወጥ አይችልም፤ ተከራዩም የእርሱ ላልሆነ ቤት ገንዘቡን አያወጣም። ስለ ፒያሳ ማርጀት ሲወራ ብዙ ሰው የሕዝቡን ቸልተኝነት ያነሣል፤ በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የግል ነጋዴ በአንድ የንግድ ሥራ ብቻ እንዲወሰን፥ የችርቻሮ ካፒታሉም ከ200,000 ብር እንዳያልፍ ታዘዘ። ስኳሩና ሳሙናው ወደ ኅብረት ሱቅ ሄዶ በካርድ ይታደል ጀመር። አንዱ ሲከስር ሌላው መጠቀሙ ግን አልቀረም። አዲስ ሰዓት እንደ ልብ ስለማይገባ፥ አሮጌው ሰዓት ሁሉ ለዕድሳት ወደ አያቴ መስኮት መጣ። «ሰው ሁሉ ሰልፍ ላይ ስለሚውል ሰዓት ማየት ያበዛ ነበር» ይላሉ እየሳቁ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግድ ነጻ ሆነ፤ ሸቀጡም ጎረፈ። ቤቶቹ ግን እንደ ነበሩ ቀሩ። ተከራዩ በዝቅተኛ ኪራይ የያዘውን ሱቅ ሊሸጠው ወይም አስይዞ ሊበደርበት አይችልም፤ ለሌላ ሰው በውስጥ አዋዋል ቢያከራየው ግን ዕጥፍ ድርብ ያገኝበታል። በዚህ ዐይነት አንድ ጠባብ ሱቅ ለሦስት ተከፍሎ፥ በአንዱ ጥግ ወርቅ፥ በሌላው የስልክ ካርድ፥ በበሩ ላይ ጫማ ይሸጥበት ጀመር። ጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ ብዙ ሰው ለአሮጌዎቹ የእንጨት ቤቶች ሁሉ ሠጋ። የቀላል ባቡሩ መንገድ ሲቈፈር የምኒልክ አደባባይ አካባቢ ለረዥም ጊዜ በአጥር ታጠረና፥ እግረኛ ሲጠፋ ሱቁም ደንበኛ አጣ። ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሰው ተመለሰ፤ ቀድሞ የተዘጋው ሱቅ ሁሉ ግን አልተከፈተም።

የመጨረሻው ለውጥ በእኛ ዐይን የታየ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ በዚያው ዓመት የኮሪደር ልማት ተጀመረና ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። ስለዚህ ነገር ስጽፍ ሁለቱንም ማለት አለብኝ። የእግር መንገዱ ሰፍቷል፥ መብራት አለ፥ ከቀሩት የጥንት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ታድሰው ቀለም ተቀብተዋል፤ እናቴ ማታ ከሥራ ስትመለስ ያለ ፍርሃት ትሄድበታለች። ያፈሰው ጣራና የተበላው ግድግዳ ይቅርብን የሚል ማንም የለም። ሆኖም ትንሹ ባለ ሱቅ ከግድግዳው ጋር የተወው ሌላ ነገር አለ። ምትክ ቦታ ያገኘው አንዱ በምሥራቅ፥ አንዱ በደቡብ ዳር ከተማ ሄዷል፤ ያላገኘውም አለ። አዲሱ ሱቅ ከአሮጌው ይሻላል፤ ዋስ የሚሆነው ጎረቤት ግን አብሮ አልሄደም፤ የዱቤው ደንበኛም አያውቀውም። የአያቴ ዕቁብ ሃያ አራት ሰው ነበረበት። ሰዎቹ ከተበተኑ በኋላ ሁለት ወር በስልክ ሊያስኬዱት ሞከሩ፤ ዋስትናው ስላላስተማመነ ተዉት። ወደፊት እንደዚህ ያለ ሥራ ሲታሰብ፥ በአንድ መንገድ አብረው የነገዱት ሰዎች አብረው ወደ አንድ ቦታ ቢዛወሩ ወጪው ብዙ የሚጨምር አይመስለኝም፤ ይህን የምለው ተማሪ ሆኜ ነውና ብሳሳት ዐዋቂዎች ያርሙኝ።

ከዕቁቡ አባሎች ሰባቱ በዚህ ዓመት መስከረም ላይ እንደገና ጀምረዋል፤ ዕጣ የሚያወጡት በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ነው። አያቴ አሁን በልጃቸው ቤት በር ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አላቸው። ሰፈሩ አዲስ ስለ ሆነ ሰዓት የሚያሠራ ሰው ብዙ አይመጣም። ስለዚህ በዕጣው ቀን የሥራ ዕቃቸውን በብስኩት ጣሳ ይዘው በታክሲ ይመጡና፥ ጠዋት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ ቆመው የድሮ ደንበኞቻቸውን ይጠብቃሉ። ባለፈው ጊዜ አብሬያቸው ሄጄ ነበር፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስ አምስት ሰዓት ተቀብለው ሁለቱን እዚያው ሠርተው መለሱ።