ትልቁ ቪላ፣ የሠራተኛ ማደሪያና ዕድራችን



እንደምታውቁት በሀይሌ ጋርመንት ሰፈራችን ግቢው የሰፋ ቪላ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚከራየው ተቋራጭ ነው። መኪና የሚያስገባ በር፣ ከኋላም የሰርቪስ ክፍሎች አሉታ! ውሉን የሚፈርመው አንድ ሰው፣ የሚያድርበት ሃያ ሰው ነው። ስማቸውን ሳናውቅ ሥራው ያልቅና ይሄዳሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ዘመን ከየአገሩ ለሥራ የመጣ ሰው በከተማችን በዛ፤ ዘመድ ግን አልነበረውም። ዕድርም የተጀመረው እንዲህ ያሉ መጤዎች፣ በተለይም የጉራጌ ተወላጆች፣ «ብንሞት ማን ይቀብረናል?» ብለው ሳንቲም ማዋጣት ሲጀምሩ ነው ይባላል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና ትርፍ ቤት ሁሉ ተወረሰ። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ የበለጠው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሆነ። ግለሰብ ማከራየት ተከለከለ። ኪራዩም ስለ ረከሰ የገባ ሰው አልወጣም፤ ልጆቹን እዚያው አሳደገ፣ ዳረ። በእኔ ግምት ዕድርን ከቤት ቁጥር ጋር ያጣበቀው ይኸው ጊዜ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ኪራይ ተመለሰ፤ በእኛም አካባቢ መንገዱም ፎቁም ተሠራ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመር ለቡ ላይ ጣቢያ አለው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። የግንባታ ሠራተኛ ግን ወር ቆጥሮ ነው የሚሄደው፤ ታዲያ ዕድር መግቢያውን ከፍሎ እስኪመዘገብ ማን ይጠብቀዋል?

አንድ ክረምት ከእንዲህ ያለ ቤት አንድ ወጣት ከፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ ሞተ። «ጡሩምባ ይነፋ፣ አይነፋ» ተባለ። ገሚሱ «አባል አይደለም፣ ደንብ ይፈርሳል» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ይላል። በኋላ ድንኳኑ በልመና ወጣ፣ አስከሬኑም በጓደኞቹ መዋጮ ወደ አገሩ ተላከ። እናቶች ግቢው በር ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ስሙን የሚነግራቸው ፎርማኑ ብቻ ነበር።

እኔ የምለው፣ ቪላ ለሠራተኛ ያከራየ አባል የሚያድሩትን ስምና የቤተሰብ ስልክ ለዕድሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ፤ ተከራዩ ድርጅትም በወር የተወሰነ መዋጮ ይክፈል። ስንት ይሁን የሚለውን ጠቅላላ ጉባኤው ይቁረጥ።