ደቀል፣ አውታርና ዛብ፤ የአንዲት ትንሽ የሸራ ጀልባ ትጥቅ ታሪክና የስያሜ ጥያቄ

ስታር በመባል የምትታወቀው የእሽቅድምድም ጀልባ ርዝመቷ 6.9 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚነዷት ትንሽ የሸራ ጀልባ ናት። ንድፏ በዊሊያም ጋርድነር ቢሮ በፍራንሲስ ስዊስጉዝ እጅ ተሠርቶ፣ የመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች እ.ኤ.አ. በ1911 በኒው ዮርክ አካባቢ ውኃ ላይ ወረዱ። የአካሏ ቅርጽ ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ትጥቋ ነው፤ ይኸውም ደቀሏ፣ ሸራዋና እነዚህን የሚይዙትና የሚያንቀሳቅሱት ገመዶች ናቸው። አካል ጸንቶ ትጥቅ ሲለዋወጥ ስሞች ምን እንደ ሆኑ መከታተል ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሆነ ለተርጓሚ ትምህርት ይሰጣል።

በመጀመሪያ የጀልባዋ ዋና ሸራ አራት ማዕዘን ነበረ። የላይኛው ጠርዙ የታሰረበት ሰያፍ ዘንግ ሸራው በተሰቀለና በወረደ ቍጥር በደቀሉ ላይ ይንሸራተት ስለ ነበረ፣ በዚያ መንሸራተቻ ላይ ደጋፊ ገመድ ማሰር አይቻልም ነበር። በ1921 ሰያፉ ዘንግ ቀርቶ ሸራው ሦስት ማዕዘን ሆነ፤ በ1930 ደግሞ ደቀሉ ረዘመ፣ የታችኛውም ዘንግ አጠረ። ረጅሙ ደቀል ያለ ደጋፊ ስለማይቆም በየከፍታው ከግራና ከቀኝ፣ ከፊትም በሽቦ ተወጠረ። ስታር በዚህ መልኳ ከ1932 እስከ 2012 ከ1976ቱ በቀር በኦሊምፒክ ውድድሮች ሁሉ ተሰልፋለች።

ሦስት ማዕዘኑ ሸራ ራሱ አዲስ ግኝት አልነበረም። በቤርሙዳ ደሴቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የታወቀ በመሆኑ በቦታው ስም ‹‹ቤርሙዳ›› ተብሏል። በአሜሪካ ግን በየአቅጣጫው የተወጠረው ረጅም ደቀል የጉግሊዬልሞ ማርኮኒን የሬዲዮ ምሰሶ ስላስታወሰ ‹‹ማርኮኒ›› ተባለ። እንግዲህ አንዱ ነገር በአንድ ወገን በአገር፣ በሌላው ወገን በመልክ ተሰየመ ማለት ነው። ሁለቱም ስሞች ትጥቁ ምን እንደሚሠራ አይናገሩም፤ የማርኮኒን ምሰሶ ላላየ አንባቢማ ሁለተኛው ስም ባዶ ድምፅ ነው።

በቁስ መሰየምም ከዚህ የተሻለ ዕድሜ የለውም። ደቀልን የሚደግፉት ገመዶች ለብዙ ዘመን ከዕፅዋት ጭረት ይገመዱ ነበር። በ1834 ቪልሄልም አልበርት በጀርመን አገር በክላውስታል ማዕድን ማውጫ የብረት ሽቦ ገመድ ሠራ፤ ለጕድጓድ የተሠራውም ዘዴ ቆይቶ ወደ መርከብ ተሻገረ። በ1913 ሃሪ ብሬርሊ በሼፊልድ ያገኘው የማይዝግ ብረት ተከተለ። በእኛ ዘመን ደግሞ ዳይኒማን የመሰሉ ሰው ሠራሽ ጭረቶች፣ በውኃ ላይ እስኪንሳፈፉ ድረስ የቀለሉ ሆነው፣ በብዙ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ሽቦውን ተክተዋል። በመሆኑም በሽቦው ዘመን ተነሥቶ ደጋፊውን ‹‹የደቀል ሽቦ›› ብሎ የመዘገበ ሰው ቢኖር፣ ዛሬ መዝገቡ ውሸት በሆነ ነበር።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። የብረቱን ሽቦ በሰው ሠራሽ ገመድ የሚለውጥ ባለ ጀልባ ሁለት ነገሮችን መለየት አለበት፤ ገመዱ ስንት ክብደት ተሸክሞ እንደሚበጠስና በጭነት ጊዜ ምን ያህል እንደሚለጠጥ። አዲሱ ጭረት ለመበጠስ አስቸጋሪ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ከተወጠረ ቀስ በቀስ ይረዝማል። ስለዚህ ውፍረቱ የሚመረጠው በመበጠሻው ልክ ሳይሆን በመለጠጡ ልክ ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም ‹‹ጥንካሬ›› ብሎ ከጨፈለቃቸው፣ አንባቢው ቀጭኑን ገመድ ገዝቶ ደቀሉ በነፋስ መካከል ይላላበታል። የመጀመሪያው ‹‹ጥንካሬ››፣ ሁለተኛው ‹‹አለመለጠጥ›› ቢባሉ ይበቃል።

የእንግሊዝኛው ስያሜ ራሱ ወጥመድ አለው። ‹‹ሽራውድ›› በተራው መዝገበ ቃላት መግነዝ ነው፤ በጀልባ ላይ ግን ደቀሉን ከጎን የሚወጥረው ደጋፊ ነው። ‹‹ሺት›› አንሶላ ነው፤ በጀልባ ላይ ግን ጨርቅ ሳይሆን ሸራውን ወደ ነፋስ የሚያጠብቁበትና የሚያላሉበት ገመድ ነው። ይህን የሸሸ ተርጓሚ ሁሉንም ‹‹ገመድ›› ይላቸዋል። የመጀመሪያው በጕዞ ላይ ከቶ የማይፈታ፣ ሁለተኛው ከእጅ የማይለይ መሆኑን ስናስብ፣ ‹‹ገመዱን ልቀቅ›› የሚል መመሪያ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግልጽ ነው።

ደግነቱ ግን ቋንቋችን ባዶ እጁን አይደለም። ምሰሶ የቤት ነው፤ የመርከቡ ዐምድ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኢሳይያስ ምዕራፍ 33 እና በሕዝቅኤል ምዕራፍ 27 ደቀል ተብሏል። ቃሉ ሊመለስ እንጂ አዲስ ሊፈጠር አይገባውም። ተወጥሮ የሚይዘውን የማይንቀሳቀስ ደጋፊ በተመለከተ ግእዙ ወተረ ካለው ግሥ የወጣው አውታር አለ። አውታር የበገናም የድንኳንም ነው፤ ጅማት ሆነ ፈትል ሳይጠይቅ ውጥረቱን ብቻ ይናገራል። የጎን አውታር፣ የፊት አውታር፣ የኋላ አውታር ማለት ይቻላል። ሸራውን ወደ ላይ የሚስበው ማንሻ፣ የሚገዛው ደግሞ ዛብ ቢባል መልካም ነው። ፈረሰኛ ዛቡን እንደሚይዝ ጀልበኛውም ይህን ገመድ ይይዛልና፣ በቅሎና ፈረስ ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም።

አውታር ዛሬ በ‹‹አውታረ መረብ›› ውስጥ ስላለ ያደናግራል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይሁን እንጂ በገና ደርዳሪውና ድንኳን ተካዩ በአንድ ቃል ሲጠቀሙ ኖረው አልተደናገሩም፤ ዐውዱ ይለያቸዋል። ስታር በመቶ ዓመት ውስጥ ሸራዋን፣ ደቀሏንና የገመዷን ቁስ ለውጣለች። ያልተለወጠው የእያንዳንዱ ክፍል ሥራ ነው፤ አንዱ ይወጥራል፣ አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ይገዛል። ስያሜያችንም መታሰር ያለበት በዚህ ነው።